ማን ቤተኛ ይሁን? ማንስ ተጠርቶ ይምጣ?

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የይፋት ቆላ ምድር ተናወጠ። ከመንዝ ተራሮች ግርጌ ያለችው የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በናዳ ተጐዳ፤ በሜዳውም ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ታየ። ነገሩ የአንድ ሌሊት ብቻ አልነበረም፤ ከዋናው መናወጥ በፊትም ሆነ በኋላ ምድሪቱ ለወራት ስትንቀጠቀጥ ቈይታለች። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነበረ። ይህም ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በታወጀው በ1957ና በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሰሞን የተቋቋመ ሲሆን፣ ኃላፊው ካናዳዊው ፒየር ጉዌን ነበሩ። እኒህ ሰው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ይህንኑ የካራቆሬን መናወጥ በሰፊው ጽፈውታል። ዛሬ ስለ ማጀቴ መፍረስ በቁጥርና በካርታ ልንነጋገር የምንችለው፣ በዚያን ጊዜ የሚመዘግብ ሰውና የሚመዘግብ መሣሪያ ስለ ነበረ ነው።

ይህን አሮጌ ታሪክ ያነሣሁት አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። ዳሩ ግን ያ አገር ገና አልተኛም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ፣ ይኸውም ከሸዋ ሮቢት በስተ ደቡብ ባለው ስምጥ ሸለቆ፣ ተከታታይ መናወጥ ተነሥቶ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ ወደ 5.8፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ ወደ 6 የደረሰ መናወጥ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው እንኳ አልጋው ሲወዛወዝ ተሰምቶታል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል።

መናወጥን የሚያስቆም የለም፤ ቀኑን ቀጥሮ የሚናገርም የለም። የሚቻለው መመዝገብ ነው። ጣቢያዎች በበዙና ወደ ስንጥቁ በቀረቡ ቁጥር፣ ሰው የማይሰማቸው ጥቃቅን መናወጦች ሳይቀሩ ይያዛሉ፤ ከእነርሱም ስንጥቁ በየትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ተራራ ሥር እንደሚያልፍ ይታወቃል። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ጣቢያ ለማቆም የግድ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል፣ የእጅ መዳፍ የማታህል የኮምፒዩተር ቦርድ በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበች። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በዚህችው ቦርድ ላይ ጂኦፎን የሚባለውን የመሬት ንዝረት መስሚያ ከነመለወጫው የሚገጥሙ ሰዎች ተነሥተው፣ በሰኮንድ 100 ጊዜ የምድርን እንቅስቃሴ እየለካ የሚመዘግብ ትንሽ ጣቢያ በብዙ አገር ተሠራጭቷል። ይህ ዕቃ የትልቁን ኦብዘርቫቶሪ መሣሪያ ይተካል ማለቴ አይደለም፤ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ዘገምተኛ ማዕበል ጥሩ አድርጎ አይሰማም። ለቅርብ መናወጥ ግን ይበቃል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እንዲህ ብዬ አሰብሁ፤ ከመካከላችን ጥቂት ተማሪዎች ተነሥተው በማጀቴ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ እንዲህ ያለች ሣጥን ቢተክሉ፣ ሣጥኗ ለብቻዋ ልትኖር ትችላለች ወይ? ምክንያቱም እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ባለሙያ አይኖርም። መብራት ይጠፋል፤ ይመጣል፤ እንደገና ይጠፋል። ትልቅ መናወጥ የመጣ ዕለት ደግሞ መብራቱም የስልኩም መስመር አብረው ሊቋረጡ ይችላሉ። በጣም የሚያስፈልጉን የመናወጥ መዝገቦች ደግሞ በዚያው ዕለትና ተከትለው በሚመጡት ሰዓቶች የሚጻፉት ናቸው። ስለዚህ ሣጥኗ መብራት በተመለሰ ቁጥር ያለ ማንም እርዳታ ተነሥታ ሥራዋን መያዝ አለባት። ይህ እንዲሆን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ሰው ችላ የሚለው፣ የድራይቨሮች አኳኋን ነው።

ድራይቨር ሲባል ሹፌር የሚመስለው አይጠፋም፤ ለእኔ ግን ከሹፌር ይልቅ አስተርጓሚ ቢባል ይቀርባል። ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ከርነል የተባለው ዋናው ፕሮግራም የሚሞሪ ካርዱን፣ የሰዓቱን፣ የሞደሙን ቋንቋ ሁሉ በቃሉ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ ተማሪ (ያን ጊዜ እንደ እኛው ተማሪ ነበረ) በ1991 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሊኑክስ የሚባለው ከርነል ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ መስመር ያለው ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የድራይቨር ጽሑፍ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ቦርዶች ላይ የሚሠራውም በአብዛኛው ይኸው ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስን ለአንድ ቦርድ የሚያዘጋጅ ሰው ስለ እያንዳንዱ ድራይቨር ይጠየቃል። መልሱ ከሦስት አንድ ነው። «ዋይ» ካለ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ተጋግሮ አንድ አካል ይሆናል፤ ከርነሉ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ከቶ አይለይም። «ኤም» ካለ ድራይቨሩ ለብቻው በፋይል ተቀምጦ ሲፈለግ ብቻ ይጠራል፤ ይህ ሞጁል ይባላል። «ኤን» ካለ ጨርሶ አይኖርም። የፊተኛውን እኔ ቤተኛ እለዋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ሰው ሁሉ ሞጁል ስለሚለው እንዲሁ ልተወው።

ነገሩን በድግስ ብንመስለው ይቀላል። ሠርግ የሚደግስ ሰው ምጣዱና እንስራው የቤቱ ነው፤ ድንኳኑንና ትልልቁን ብረት ድስት ግን ከእድር ያስመጣል። ድንኳንን በየቤቱ ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው፤ ቦታ ይይዛል፤ ከዓመት አንድ ቀን እንጂ አይፈለግም። እሳት ማንደጃውንም ከእድር ልዋስ የሚል ቢኖር ያው ሞኝ ነው። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ምን፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደሚፈለግ አለማሰብ።

በገበያ ላይ ያሉት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የእድሩን መንገድ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን የሚያዘጋጁ ሰዎች ገዢው ምን ዓይነት ፕሪንተር፣ ምን ዓይነት የድምፅ ካርድ እንዳለው አያውቁም። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ድራይቨር በሞጁል መልክ አዘጋጅተው በዲስኩ ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ የሠሪውን ቁጥርና የራሱን ቁጥር ይናገራል፤ ከርነሉ ይህንን ቁጥር ያስተጋባል፤ ሞድፕሮብ የሚባለው ፕሮግራም በመዝገብ ፈልጎ የሚስማማውን ሞጁል ያመጣል። ቅልጥፍናው የሚደነቅ ነው። የማጀቴዋ ሣጥን ግን የምትይዘው የታወቀ ነው፤ አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ጂኦፎን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የጂፒኤስ መቀበያ፣ አንድ ሞደም። እንግዳ አይመጣባትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጀመሪያ የሚሞሪ ካርዱን እንውሰድ።

ቦርዷ መብራት ስታገኝ አነስተኛ የማስነሻ ፕሮግራም ከርነሉን ከካርዱ ላይ አንሥቶ ወደ ማኅደረ ትውስታ ይገለብጠዋል፤ ከዚያም «በል እንግዲህ» ብሎ ሥራውን ያስረክበዋል። ከርነሉ የመጀመሪያ ሥራው ዋናውን የፋይል ክፍል መክፈት ነው፤ ፕሮግራሙ ሁሉ፣ ሞጁሎቹም ጭምር ያሉት እዚያ ነውና። ይህን ክፍል ለመክፈት የካርድ ማንበቢያው ድራይቨር ያስፈልጋል፤ በካርዱ ላይ ያለውን የፋይል አደራደር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት-ፎር የሚባለውን፣ የሚያውቀው ድራይቨርም ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ሞጁሎች ሆነው በዚያው ካርድ ላይ ቢቀመጡ ምን ይሆናል? የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት ማለት ነው። ከርነሉ ዋናውን ክፍል መክፈት አልቻልሁም ብሎ ድንጋጤውን በስክሪን ጽፎ ይቆማል። ማጀቴ ላይ ደግሞ ስክሪኑን የሚያይ የለም። የራስፕቤሪ ፓይን ከርነል የሚያዘጋጁት ሰዎች የካርዱን ድራይቨርና ኤክስት-ፎርን ቤተኛ ያደረጉት ስለዚህ ነው።

ይህን ችግር በሌላ መንገድ የሚፈቱም አሉ። ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጥቅል አዘጋጅተው፣ አስፈላጊዎቹን ሞጁሎች በእርሱ ውስጥ ጠቅልለው፣ ማስነሻው ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር አብሮ እንዲጭነው ያደርጋሉ። ለመንገድ ስንቅ እንደ መቋጠር ያለ ነው። የዕቃው ዓይነት ለማይታወቅ ኮምፒዩተር ይህ ጥሩ መላ ነው። ለእኛዋ ሣጥን ግን አንድ ተጨማሪ ፋይል ማለት አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር ማለት ነው፤ እንደ እኔ ቢሆን ይቅርባት።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ምዝገባ ነፍሱ ጊዜ ነውና። አንድ መናወጥ የት እንደ ተነሣ የሚታወቀው ማዕበሉ በየጣቢያው የደረሰበትን ጊዜ በማወዳደር ነው። ፈጣኑ ማዕበል በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰኮንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ የማጀቴዋ ጣቢያ ሰዓት በአንድ ሰኮንድ ቢሳሳት፣ ከእርሷ የሚሰላው ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሳሳታል። ይህ ከሸለቆው ወለል ላይ የተነሣውን መናወጥ ከመንዝ ገደል ሥር እንደ ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰዓት የተሳሳተ ጣቢያ ደግሞ ባይኖር ይሻል ነበር፤ የሌሎቹንም ስሌት ያበላሻልና።

ራስፕቤሪ ፓይ እስከ አራተኛው ሞዴል ድረስ በባትሪ የሚሠራ የራሷ ሰዓት አልነበራትም፤ የባትሪ መሰኪያ ያለው ሰዓት የመጣው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ከአምስተኛው ሞዴል ጋር ነው። ምንም የጊዜ ምንጭ የሌለው ከርነል ቈጠራውን የሚጀምረው ከጥር 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.)፣ በእኛ አቈጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ይህ እንዳይሆን ተብሎ ቦርዷ የመጨረሻውን ጊዜ በፋይል ጽፋ እንድትተኛና ስትነሣ ከዚያው እንድትቀጥል የሚያደርግ ዘዴ አለ። ነገር ግን መብራት ለሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ፣ ሦስቱ ሰዓት ከዕድሜዋ ይጠፋል፤ አንቀላፍቶ እንደ ነቃ ሰው «ገና ጠዋት ነው» ትላለች። ኢንተርኔት ካለ ቶሎ ትታረማለች። የስልኩ መስመር ከተቋረጠ ግን በዚያው ስሕተት ትመዘግባለች።

ስለዚህ ከአምስተኛው ሞዴል በፊት ባሉት ላይ ትንሽ ባለ ባትሪ ሰዓት ይሰካል፤ ዲኤስ-3231 የሚባለው በጣም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የቤተኛና የሞጁል ጥያቄ በግልጽ ይመጣል። ከርነሉ በሚነሣበት ጊዜ የሰዓቱን ቁጥር አንብቦ የራሱን ጊዜ የሚያስተካክልበት አንድ ደረጃ አለው። እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ በነበሩት ከርነሎች ይህ ደረጃ የሚፈጸመው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሞጁሎች ከመጠራታቸው በፊት ነበረ። የሰዓቱ ድራይቨር ሞጁል ከሆነ ከርነሉ ሰዓቱን ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም፤ ሰዓቱን መክፈት አልቻልሁም ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ሞጁሉ ይመጣል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ሰው ሄዷል። ሰዓቱ ትክክል፣ ባትሪውም ሙሉ፣ ሽቦውም የተያያዘ ሆኖ ሳለ ቦርዷ ጊዜውን ሳታውቅ ትነሣለች። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ሰዓት ተበላሸ ብሎ አውጥቶ ጥሏል ብዬ እገምታለሁ። ከ2019 ወዲህ ባለው ከርነል ሞጁሉ በመጣ ጊዜም ጊዜው እንዲስተካከል ተደርጓል። ሆኖም ሞጁሉ እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ የሚጻፈው ሁሉ በተሳሳተ ጊዜ ይጻፋል።

መፍትሔው የሰዓቱን ድራይቨር ቤተኛ ማድረግ ነው። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱ ከቦርዷ ጋር የሚነጋገረው አይ-ቱ-ሲ በሚባል ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ነው። ስለዚህ ሦስት ድራይቨር አለ፤ የሰዓቱ፣ የአይ-ቱ-ሲው አጠቃላይ ሥርዓት፣ በዚችው ቦርድ ላይ ያለው የአይ-ቱ-ሲ መቆጣጠሪያ። በሊኑክስ ሕግ ቤተኛ የሆነ ድራይቨር በሞጁል ላይ ሊደገፍ አይችልም፤ የቤት ምሰሶ በተከራየ ድንጋይ ላይ አይቆምም። በዚህም ምክንያት ሰዓቱን ቤተኛ ያደረገ ሰው አጠቃላይ ሥርዓቱንም ቤተኛ እንዲያደርግ ማዋቀሪያው ራሱ ያስገድደዋል። የቦርዷን መቆጣጠሪያ በተመለከተ ግን ማንም አያስገድደውም። እርሱ በሞጁልነት ከቀረ ቤተኛው ሰዓት መንገድ አጥቶ ይቀመጣል። ሦስቱንም አንድ ላይ መቁጠር የአዘጋጁ ፈንታ ነው። በተለመደው የራስፕቤሪ ፓይ ከርነል እነዚህ መቆጣጠሪያዎች በሞጁልነት ስለሚሰጡ፣ ሳይነካኩ የተቀበሉት ሰው ነገሩን ልብ ሳይለው ይቀራል።

«ጂፒኤስ ካለ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የጂፒኤስ መቀበያ የስልክ መስመር አይፈልግም፤ ከሰማይ ላይ ጊዜ ያወርዳል፤ በየሰኮንዱም መባቻ አንድ ምት በሽቦ ይልካል፤ በዚህ ምት ሰዓቱን ከማይክሮ ሰኮንዶች ባልበለጠ ስሕተት ማስተካከል ይቻላል። ለጣቢያው እውነተኛው የጊዜ ጌታ እርሱ ነው። ነገር ግን ከተዘጋ በኋላ ሲነሣ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ድረስ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከትልቅ መናወጥ በኋላ ተከታዮቹ የሚበዙት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓታት ነው። እነዚያን ደቂቃዎች የሚሸፍነው ትንሹ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ዋችዶግ የሚባለው ነው። በቦርዷ ውስጥ ያለ የግቢ ውሻ ልንለው እንችላለን። አንድ ፕሮግራም በየጊዜው «አለሁ» እያለ ካልነካካው፣ በራስፕቤሪ ፓይ ላይ ቢበዛ በ15 ሰኮንድ ገደማ ውስጥ ቦርዷን ይነክሳታል፣ ማለት አጥፍቶ እንደገና ያስነሣታል። ሰው በሌለበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም። ይሁን እንጂ የውሻው ድራይቨር ሞጁል ሆኖ በካርዱ ላይ ከተቀመጠ፣ ካርዱ በተበላሸ ዕለት ውሻው ራሱ አይመጣም፤ ሌባው የሚመጣው ደግሞ ያን ዕለት ነው። በሌሎች ቦርዶች ላይ ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነ ነገርም ይደርሳል፤ ማስነሻው ፕሮግራም ውሻውን ቀድሞ ይፈታውና፣ ከርነሉ ግን የውሻው አስተርጓሚ ስለሌለው ሊያረጋጋው አይችልም። ቦርዷ በመነሣት ላይ ሳለች ትነከሳለች፤ ትነሣለች፤ ደግሞ ትነከሳለች፤ እንዲሁ ስትወድቅ ስትነሣ ትውላለች። ቤተኛ ይሁን ብሎ መቁረጥ ነው።

እስካሁን የቤተኛ ጠበቃ መሰልሁ እንጂ ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሁሉን ቤተኛ እናድርግ የሚል ሰው ዋይፋዩ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። የራስፕቤሪ ፓይ የዋይፋይ ቺፕ በራሱ ውስጥ ፕሮግራም ይዞ አይነሣም፤ ድራይቨሩ ፈርምዌር የሚባለውን ፋይል ከካርዱ አንብቦ ሊሰጠው ይገባል። ድራይቨሩ ቤተኛ ከሆነ ከርነሉ ገና ሲነሣ፣ ካርዱ ሳይከፈት፣ ፋይሉን ይጠይቃል፤ አያገኝም፤ ዋይፋዩም ይከሽፋል። ፈርምዌሩን ራሱን ከከርነሉ ጋር መጋገር ይቻላል፤ ግን ለምን? ሞጁል ሆኖ ካርዱ ከተከፈተ በኋላ ቢጠራ ያለ አንዳች ችግር ይሠራል። ቀድሞ መድረስ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ ድግስ ሳይደርስ የመጣ እንግዳ ጾሙን ይመለሳል።

ሞደሙም እንዲሁ በሞጁልነት ቢቀር ደስ ይለኛል። ዛሬ የተሰካው የዩኤስቢ ሞደም ነገ ይበላሻል፤ ከሸዋ ሮቢት ሱቅ ተገዝቶ የሚተካው ሌላ ዓይነት ይሆናል፤ ቁጥሩም ቋንቋውም ይለያል። ለእንዲህ ያለው ተለዋዋጭ ዕቃ የተለያዩ ሞጁሎች በካርዱ ላይ ተዘጋጅተው ቢጠብቁ፣ አስተማሪው ወይም ዘበኛው አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ከመሰካት በቀር ምንም አያደርግም። ሞደሙ ለጥቂት ቀን ባይሠራም መዝገቡ በካርዱ ላይ ስለሚቀመጥ አይጠፋም።

ጂኦፎኑ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። እንደ ዩኤስቢ ዕቃ ስሙን አይናገርም። በኤስ-ፒ-አይ ወይም በአይ-ቱ-ሲ መስመር የተያያዘ መለወጫ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ከርነሉ መኖሩን የሚያውቀው ዲቫይስ ትሪ በሚባል የዕቃ መዝገብ ላይ «በዚህ መስመር፣ በዚህ አድራሻ እንዲህ ያለ ዕቃ አለ» ተብሎ ከተጻፈለት ነው። ይህን መዝገብ የረሳ ሰው ድራይቨሩን ቤተኛ ቢያደርገውም ሞጁል ቢያደርገውም ለውጥ አያገኝም፤ አስተርጓሚው ቁጭ ብሎ ተናጋሪ ይጠብቃል። መለወጫው በተራ የሲሪያል መስመር የሚናገር ከሆነ ነገሩ ይቀላል። መዝጋቢው ፕሮግራም ራሱ ካርዱ ከተከፈተ በኋላ ስለሚጀምር፣ የዚህ ድራይቨር ቤተኛ መሆን ብዙ አያተርፍም። በሙከራ ወራት ሞጁል ማድረጉ እንዲያውም ይበጃል፤ ቦርዷን ሳያጠፉ አሮጌውን አስወጥቶ የታረመውን ማስገባት ይቻላልና።

አንድ ከሁሉ የሚከፋ አደጋ አለ፤ እርሱም እድሳት ነው። ሞጁል የሚስማማው አብሮት ከተጋገረው ከርነል ጋር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሞጁል የከርነሉን ቁጥርና አኳኋን የሚናገር ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ካልገጠመ ከርነሉ አይቀበለውም። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ ከርነሉ በካርዱ የመጀመሪያ ክፍል፣ ሞጁሎቹ በሁለተኛው ክፍል ይቀመጣሉ። አሁን ቦርዷ በራሷ ጊዜ ሌሊት እድሳት አውርዳ ስትገለብጥ፣ አዲሱ ከርነል ተጽፎ አዲሶቹ ሞጁሎች ሳይጻፉ መብራት ጠፋ እንበል። መብራት ሲመለስ አዲሱ ከርነል ይነሣል፤ የሚያገኘው የአሮጌውን ሞጁሎች ነው፤ አንዱንም አይቀበልም። ቤተኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አንድ ፋይል ስለሆኑ ይሠራሉ፤ ካርዱ ይከፈታል፤ ሰዓቱ ትክክል ነው፤ ውሻውም በቦታው ነው። ዋይፋዩና ሞደሙ ግን ጠፍተዋል። ሣጥኗ ነቅታለች፤ አፍ ግን የላትም። አዲስ አበባ ሆኖ የሚጠብቃት ሰው ሞተች ብሎ ይቈጥራታል። ስለዚህ ከርነሉን በራሱ ጊዜ እንዳያድስ መከልከል፣ እድሳትም ሲያስፈልግ ሰው ሄዶ በእጁ እንዲያደርገው ማድረግ ይገባል። መንገዱ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን ዘልቆ ሩቅ ቢሆንም።

ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ፍጥነትንና ቦታ ቁጠባን ነው። እኔ ለዚህ ብዙ ቀለም አላባክንም። ሞጁል ፋይሉ ተፈልጎ፣ ተከፍቶ፣ ተያይዞ እስኪገባ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ በአሜሪካ ሕግ የመኪና የኋላ ካሜራ ማርሹ ወደ ኋላ ከገባ በ2 ሰኮንድ ውስጥ ማሳየት ስላለበት፣ ለመኪና ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለምትቀመጥ ጣቢያ ግን ምንም አይደለም። ቦታን በተመለከተ ደግሞ ሞጁል ማኅደረ ትውስታን የሚይዘው በ4096 ባይት ገጽ ገጽ እየተቈረሰ ስለሆነ ትንንሽ ሞጁሎች ያባክናሉ፤ 32 ሚሊዮን ባይት ብቻ ላለው ርካሽ ራውተር ይህ ይታሰባል፤ ለእኛዋ አይታሰብም። ስለ ደኅንነት የሚባለው ግን እውነትነት አለው፤ ሞጁል የመቀበያውን በር ጨርሶ የዘጋ ከርነል ክፉ ሰው ገብቶ የራሱን ሞጁል እንዳይተክልበት ይጠበቃል። እኛ በሩን የምንተወው ለሞደሙ ስንል ነው፤ በፊርማ የተረጋገጠ ሞጁል ብቻ እንዲቀበል ማድረግም ይቻላል።

ይህን መሞከር ለሚሻ ጓደኛ፣ በእጁ ያለው ቦርድ እንዴት እንደ ተዘጋጀ ማወቅ ቀላል ነው። በሞጁሎቹ ፎልደር ውስጥ «ሞጁልስ-ነጥብ-ቢልትኢን» የሚባል ፋይል የቤተኞቹን ስም ዝርዝር ይዟል፤ «ኤልኤስሞድ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተጠርተው የመጡትን ሞጁሎች ብቻ ያሳያል። ብዙ ተማሪ በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ያላየውን ድራይቨር የለም ብሎ ይደመድማል፤ ቤተኛ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ግማሽ ቀን ባልደከመ ነበር።

ሣጥኗም ወደ ማጀቴ ከመሄዷ በፊት እዚሁ መፈተን አለባት። ፈተናው በንግግር አይሆንም፤ ሶኬቱን መንቀል ነው። አንድ ጊዜ በደህናው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በመጻፍ ላይ ሳለች፣ አንድ ጊዜ ሞደሙ ተነቅሎ፣ አንድ ጊዜ የጂፒኤሱ አንቴና ተሸፍኖ፣ አንድ ጊዜ የዋናው ፋይል ክፍል ሆን ተብሎ እንዳይከፈት ተደርጎ። በየጊዜው መብራቱን መልሶ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቆ፣ ከርነሉ ሲነሣ የጻፈውን መስመር በመስመር ማንበብ ነው። የመጀመሪያው የመናወጥ መዝገብ በትክክለኛው ቀንና ሰኮንድ ከተጻፈ፣ ውሻውም ያለ ምክንያት ካልነከሰ፣ ሣጥኗን ዘግቶ የደብረ ሲናን ቁልቁለት መጀመር ይቻላል። መዝገቡ ላይ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 የሚል ከተገኘ ግን አይ-ቱ-ሲውን መቆጣጠሪያ እንደገና ማየት ነው።